ሦስት የወደደች

ከመድረኩ ጀርባ ባለው ጓዳ ሌሎቹ የቁንጅና ተወዳዳሪዎች መስታወቱን ሲሻሙ እሷ ጥግ ይዛ፣ ትንሿን ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ለልጆች የምትጽፈውን አዲሱን ተረት ታነብላታለች። ልጅቷ ያልሳቀችበትን መስመር ወዲያው በከንፈር ቀለሟ ትሰርዘዋለች።

ፀጉሯን የምትሠራላት ሴት ከንፈሯን መጠጠችላት። «እህቴ፣ ልጅና ቁንጅና፣ ሁለት ወዶ ይሆናል?»

«እኔማ ሦስት ነው የወደድኩት፤ ብቻ ሹሩባውን አታጥብቂው» አለቻት፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል።

ተራዋ ሲደርስ ልጇን በር ላይ ለቆመው ባሏ አቀብላ፣ ቀጥ ብላ ወደ መድረኩ ወጣች። ጭብጨባው ጓዳው ድረስ ተሰማ።

ዘውዱን ግን ሌላ ተወዳዳሪ ደፋች። ፀጉር ሠሪዋ ማጽናኛ ቃል ስትፈልግላት እሷ ጫማዋን አሽቀንጥራ ተቀመጠች።

«ሁለተኛ ወጣሁ፤ ለከርሞ ጠብቂኝ» አለቻት እየሳቀች። ከዚያ ልጇን ተቀበለችና፣ «እሺ የኔ እናት፣ ተረታችን ላይ ዝንጀሮዋ የት ደርሳ ነበር?»