ማን ላከሽ

«ማን ላከሽ?» አለኝ መርማሪው፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ።

ስሜን አልጠየቀኝም። ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። ከእኔ በፊት አብራኝ የተያዘችውን ልጅ አስገብቷት ነበር፤ የቢሮው በር ስለማይገጥም ከውጭ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። እሷን «ዓላማዎ ምንድን ነው?» ነው ያላት። ዓላማዎ! በአንድ ዓመት ነው የምትበልጠኝ። ለእሷ ዓላማ፣ ለእኔ ላኪ።

እሷ እጩያችን ነበረች፣ የአርብ ገበያ ልጅ። እኔ የወገዳ ነኝ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርነው፤ ቀድማኝ ተመረቀች፣ ነጥቤ ግን ከእሷ ይበልጣል። የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው ራሴ የምናገረው። ፓርቲያችን ትንሽ ነው። በዚያ አካባቢ ያለን አባላት ሚኒባስ ብንሳፈር ረዳቱ ሰው እስኪሞላ ጠብቁ ይለናል። ለክልል ምክር ቤት ምርጫ አንድ ሰው ማቅረብ ነበረብን። እኔ መቅረብ እፈልግ ነበር። እሷን መረጡና ለእኔ ሜጋፎኑን ሰጡኝ።

የተያዝነው ከገበያ ስንመለስ ነው። የምርጫ ምልክታችን ላይዳ ነበር፤ ገበሬ አውድማ ላይ እህል የሚያዘራበት የእንጨት አካፋ። ወረቀቱ ላይ ግን አሳንሰው ሲያትሙት ማንኪያ መሰለ። አንድ ሽማግሌ ተቀብለው ገለበጡት፣ አቀኑት፣ «ታዲያ ወጡን የምታመጡት እናንተ ናችሁ?» አሉ። ገበያው ሳቀ። እኔ ተናድጄ ስለ ላይዳ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ላይዳ ምን እንደሆነ ለገበሬ! እሷ አብራ ሳቀችና ጠጋ ብላ «ወጡማ የእርስዎ ነው አባባ፤ ማንኪያውን ነው ሌላ ሰው የያዘብዎት» አለቻቸው። ሽማግሌው ጉንጯን ሳሟት። አህያ የሚነዳው ሁሉ ቆሞ «ምን አለች?» ይላል። ያለችውን በሜጋፎን ደገምኩላቸው። ሥራዬ ያ ነበር።

ፖሊሶቹ መውጫው ላይ ጠበቁን። አልመቱንም፣ አልሰደቡንም። ሜጋፎኑን ተቀበሉኝ፤ አንደኛው አፉ ላይ አድርጎ «ሃሎ፣ ሃሎ» አለና ሳቀ።

የቱ ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም፤ አሁንም በበሩ አልፋለሁ። የሴቶቹ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳውን በነካሁት ቁጥር የገብስ ብናኝ ይረግፋል፣ ያስነጥሳል። ከቆርቆሮው ሥር እጅ የማያስገባ ቀዳዳ አለች፣ ብርሃኑ በእሷ ነው የሚገባው። ጥግ ላይ አንዲት የእስቴ ሴት ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ድንበር ገፋብኝ ብለው የባላቸውን ወንድም በዱላ የመቱ ናቸው። «ዱላው ነው የሾለከኝ» ይላሉ ሲጠየቁ። እትዬ እንላቸው ነበር። ገና ስንገባ አዩንና፣

«የማንኪያዎቹ ልጆች እናንተ ናችሁ?» አሉ። ወሬው ቀድሞን ደርሷል።

ከዚያ «የትኛዋ ናት የተናገረችው?» ብለው ጠየቁ። እኔ እሷን በአገጬ አሳየኋቸው። ተነሥተው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት። እኔ በሩ ሥር ተቀመጥኩ፣ ነፋስ የሚገባበት።

በማግስቱ ስንቅ መምጣት ጀመረ። ዘበኛው ከበር ሆኖ የሷን ስም ይጠራል፤ ትንሽ ቆይቶ አሁንም የሷን። ከእናቷ ሽሮ፣ ከአክስቷ ዳቦ። አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ በፌስታል ቆሎ ላኩላት። ስሟ በተጠራ ቁጥር እኔም ጆሮዬን አቆማለሁ፤ የሞኝ ነገር፣ ስማችን በምንም አይመሳሰልም። ሁሉንም መሀል ላይ ታስቀምጥና መጀመሪያ ለእኔ ትቆርስልኛለች። «ብይ እንጂ፣ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ።» ክፉ ብትሆን እኮ ይቀለኝ ነበር።

«አንቺ ሰው የለሽም እንዴ?» አሉኝ እትዬ።

«አለኝ። ወገዳ ሩቅ ነው፣ መንገዱም ብልሽትሽት ያለ ነው።»

«እሱስ ይሁን» አሉ። «ግን እህሉን እየበላሽው ነው ወይስ እየተጣላሽው?»

እሷ ሳቋን ለመያዝ ፊቷን አዞረች። እሱም አናደደኝ።

አባቴ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። መኪና ስላጡ ግማሹን በእግራቸው መጥተው ጋቢያቸው እስከ ወገባቸው አቧራ ለብሷል። ብቻቸውን አልነበሩም፤ የንስሐ አባታችንን ይዘው ነው የመጡት። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው። እኔንና እሷን ከክፍሉ አወጡን። መርማሪው በትሕትና ነው የተናገረው፣ መስቀልም ተሳልሟል።

«ልጅዎ ምንም ጥፋት የለባትም» አላቸው አባቴን። «ሰው መሣሪያ አድርጓት ነው። ማን እንደላካት በአፏ ትናገር፣ ዛሬውኑ ይዘዋት ይግቡ።» ከዚያ ወደ እሷ ሳያይ «ላኪዋን ወደ ደብረ ታቦር እናስተላልፋለን። ወጣት ማነሣሣት ቀላል ነገር አይደለም» አለ።

ላኪዋ የሚላት ማንን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን ታያለች።

አባቴ ተነሡ። ዱላቸውን አግዳሚው ላይ አስተኙና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉ፤ በኛ አገር ሰው እንዲህ የሚያደርገው ሲምል ነው።

«ጌታው፣ ልጄን የማውቃት እኔ ነኝ» አሉ። «ከሕፃንነቷ ጀምራ ወደላኳት እንጂ በራሷ የትም ሄዳ አታውቅም። ውኃ ሲሏት ውኃ፣ ወፍጮ ሲሏት ወፍጮ። መንገድ ላይ እንኳ ቆማ አታወራም። እኒህ አባት ይመስክሩ።»

«እውነት ነው» አሉ ቄሱ። «የምትላክ ልጅ ናት።»

ለማያውቅ ሰው ስድብ ይመስለዋል። በኛ ዘንድ ግን ለሴት ልጅ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ሴት ልጅ ለትዳር ስትጠየቅ መጀመሪያ የሚነገርላት ይኸው ነው፤ ትላካለች ወይ፣ ትላካለች። አባቴ እያመሰገኑኝ ነበር። ድምፃቸው ሲሰበር ሰማሁ። በተመረቅሁ ቀን እንኳ እንዲያ አላሉኝም።

መርማሪው ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ? አባትሽን አታንከራትቻቸው። ማን ላከሽ?»

አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቅብኝ። «እሷ»። ይህን ብዬ ከአባቴ ጋር መውጣት እችል ነበር። አፌን ከፍቻለሁ፣ አልዋሽም። እሷ ደብረ ታቦር ብትሄድ የእጩነቷ ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ይህንም አስቤዋለሁ፣ እዚያው ቆሜ።

ግን ወዲያው ሌላው ታየኝ። እሷ ናት ካልኩ እሷ የላከች ትሆናለች፣ እኔ የተላክሁ። በሕይወቴ ሙሉ። ሕዝብ ያነሣሣችው እሷ፣ ያለችውን በሜጋፎን የደገምኩት እኔ። ያን አልችለውም። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንዴት ያለሽ ታማኝ ነሽ» ይሉኛል። ታማኝነት አይደለም። ከደብረ ታቦር ያዳናት ቅናቴ ነው።

ታዲያ «ማንም አልላከኝም» ለምን አላልኩም? አባቴ ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው ከቄሱ ፊት ቆመዋል። እንዴት ብዬ ሐሰተኛ አደርጋቸዋለሁ?

አፌን ዘጋሁ። ሄጄ የአባቴን ጉልበት ሳምኩ፣ መስቀሉን ተሳለምኩ፣ ዞሬ ወደ ክፍሉ መራመድ ጀመርኩ።

«የት ነው?» አለ ዘበኛው።

«ወደ ክፍሌ።»

«ማን ግቢ አለሽ?»

መቀርቀሪያውን ራሴ ስቤ ገባሁ፣ በሩንም ከኋላዬ ራሴ ገጠምኩት።

«ምነው፣ ተመለስሽ?» አሉ እትዬ። «ቦታሽ ላይ እግሬን ዘርግቼ ነበር እኮ።» ግን ሰበሰቡልኝ፤ በሩ ሥር ሳይሆን አጠገባቸው።

ቆይታ እሷም ገባች። አባቴ ሲወጡ ለዘበኛው የሰጡትን ቋጠሮ ይዛ ነው። ዳቦ ነበር፣ የእናቴ። ቁጭ አለችና «አመሰግናለሁ» አለችኝ።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ይኸንንም ታውቃለች! ቋጠሮውን ተቀብዬ ዳቦውን ቆረስኩ፤ መጀመሪያ ለእትዬ፣ ቀጥሎ ለእሷ። ያን ቀን የቆረስኩት እኔ ነኝ።

በኋላ ሁለታችንንም ለቀቁን፣ ለምን እንደያዙን እንዳልነገሩን ሁሉ ለምን እንደለቀቁን ሳይነግሩን። ምርጫውን ተሸነፍን። የገበያው ሰው እሷን እስካሁን ማንኪያዋ ይላታል፣ በፍቅር ነው። አብረን ስንሄድ መጀመሪያ እሷን ነው ሰላም የሚሉት። አሁንም ይቆረቁረኛል። ድሮ እንደሚለቀኝ አስብ ነበር፤ አሁን አብሮኝ እንደሚሄድ ለምጄዋለሁ።

አባቴ ስለዚያ ቀን አንሥተው አያውቁም፣ እኔም አላነሣሁም። ዛሬ ጠዋት ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ ለስብሰባ ልወጣ ቦርሳዬን ሳነሣ ደጃፉ ላይ ቀንበር ይጠርባሉ። በዚህ ዙር የምቀርበው እኔ ነኝ፤ ሰምተዋል። ቀና ሳይሉ፣

«ደግሞ ዛሬስ ማን ላከሽ?» አሉኝ።

መጥረባቸውን አቆሙ። ቄስ የለም፣ ፖሊስ የለም።

«ማንም አልላከኝም፣ አባቴ። ያኔም ማንም አልላከኝም። ራሴን ልኬ ነው የሄድኩት።»