ቀይዋ መኪናና የአባቴ ጆሮ

መካኒሳ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነበር። አባቴ በጣሊያኖች ጋራዥ የጀመረ፣ በመካኒክነት ያረጀ ሰው ነው። የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ግዛ» ወይም «ተወው» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም፤ ከቃሉ የወጣ ገዢም አላውቅም።

በደርግ ዘመን፣ አንድ ክረምት ላይ፣ ጆሮው ከዳው። ይህን የማውቀው እኔ ልጁ ብቻ ነበርኩ። ከንፈር እያየ ይመልሳል፤ በቀበሌ ስብሰባ ሰው እጁን ሲያወጣ አብሮ ያወጣል። ያኔስ ጆሮ ያለው ሰው ከዚህ የተለየ ምን ያደርግ ነበር?

መስከረም ላይ ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ መጣ። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ግሪክ ለደላላ ትቶ የሄዳት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የእሽቅድምድም መኪና ጎፋ ቆማለች አለ። ልቡ ጠፍቷል። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት አገር ለእንዲህ ያለች ጠጪ ሲል ደህናዋን ቮልስ ሊሸጥ ነው!

«ጋሼ፣ እርስዎ እሺ ካሉኝ ዛሬውኑ እገዛታለሁ።»

እሱ ወጣ ሲል፣ «አባባ፣ አልችልም በለው» አልኩት።

«ምን አልሽ?» አለኝ።

ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝ። የፈራሁት ለፋርማሲስቱ ብቻ አልነበረም። አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ማንም ቃሉን አይጠይቅም፤ አባቴ ደግሞ ከዚያ ቃል ሌላ ሀብት አልነበረውም።

በማለዳ ከፋርማሲስቱ ጋር ጎፋ ደርሰን መኪናዋን ባሕር ዛፍ ሥር ሳያት፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልቤ ደነገጠ። ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ቆማ እንኳ የምትሄድ የምትመስል። ደላላው ቁልፉን ሊያዞር ሲል አባቴ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ጣሪያዋ ጠል ለብሷል፤ ኮፈኗ ግን ደረቅ ነው፣ ይሞቃልም። ሳንመጣ አሙቀዋታል ማለት ነው፤ የሞቀ ሞተር ደግሞ ጠዋት ጠዋት የሚያመውን ይደብቃል።

«ትቀዝቅዝ» አለ። ደላላው ሲያጉረመርም፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ብዙ ጠበቅን። ከለቡ ማሳዎች በኩል የሚመጣው ደመና ቀዩ ቀለም ላይ እየዋኘ ያልፋል። ሳላውቀው በሐሳቤ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ባዶ ነው፤ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሞተሩን እየሰማ ፈገግ ይላል። መንዳት የማልችል መሆኔ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ቀዘቀዘችና ሞተሩ ተነሳ። ለእኔ ጆሮ ምንም እንከን የለውም። አባቴ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ አደረገ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ወደ ሌላው ጆሮ ቀየረው። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ ያ አስተያየቱ ዛሬም ያመኛል። «ግዛ» ሊል ነው ብዬ ፈራሁ።

እጀታውን በጥርሱ ነከሰ።

ደላላው በሳቅ ፈነዳ። አባቴ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ሲገልጠው እንባ ሞልቶታል፤ ጆሮው የነፈገውን ድምፅ ጥርሱ አምጥቶለታል።

«ሆዷ ውስጥ ብረት ብረትን ይመታል» አለ። «ተወው።»

የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አሳየን። ድምፁን ለማፈን ያወፈሩት ዘይት እንደ ማር ይንጠባጠባል። ደላላው ሳቁን አቆመ። ፋርማሲስቱ ቮልሱን አልሸጠም፤ እኛን ግን ለአንድ ሳምንት አኩርፎን ነበር።

ቤት እንደገባን አባቴ ካቻቪቴውን በጨርቅ ጠረገው። ጠፍጣፋ ጫፉን ቀስ አድርጎ አገጬ ላይ አሳረፈና እጀታውን ነከሰ። ተናገሪ አለኝ፣ በእጁ። ክረምቱን ሙሉ ልነግረው የፈለግኩት ብዙ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «አባባ» የሚለው ብቻ ነው።

ጥርሱን ሳያላቅቅ፣ እንደገና በይ ብሎ በእጁ ጠቆመኝ።