ጺም ያወጣው መሶብ

ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ አንድ ነው፤ "እንግዲያው ቤትሽ በስፌት ሞልቷል" ይለኛል። እውነቱን ነው። ላሊበላ ከተማ ዳር፣ አሸተን ማርያም ከላይ ቁልቁል በምታየው ቤታችን ውስጥ ስንደዶ ያልተሰካበት ቀዳዳ የለም። ባሌ አንድ ጊዜ ጫማው ውስጥ ወስፌ አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ ጫማ ሲያደርግ መጀመሪያ ያራግፋል፣ ቀጥሎ ያማትባል።

ትልቋ ልጄ ስፌት ትችላለች፣ ግን ትቸኩላለች። ሁለተኛዋ ስልክ ከእጇ ስለማይለይ ለወስፌ የሚተርፍ ጣት የላትም። እጅ የተሰጣት ሦስተኛዋ ናት። ችግሩ የተሰጣት እጅ ግራው መሆኑ ነው።

ስንት ዓመት ታገልኳት። ማንኪያውን ከግራዋ ወደ ቀኟ አዛወርኩ። እርሳሱንም ላዛውር ስል አስተማሪዋ ተያት አለችኝ፤ ተውኩ። ወስፌውን ግን አልተውኩም። የባሌ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመጨረሻው ቀን በግራ የሚቆሙት ፍየሎች ናቸው እያሉ ያስጠነቅቋት ነበር። አንድ ቀን ትንሿ፣ ፍየል ስፌት ትችላለች ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ከልቧ ነበር የጠየቀችው። እሳቸው ግን እስከ ጥምቀት ድረስ አኮረፉን፤ እኔንም ጨምሮ።

ትልቋ ከኩልመስክ ልጅ ጋር ታጨች፣ ሰርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። በእኛ ቤት ወግ የሙሽራ መሶብ ከገበያ አይገዛም። ክዳኑን ከጫፉ የምትጀምረው የቤቱ የመጨረሻ ልጃገረድ ናት። በሰርጉም ቀን እንጀራው ሊበላ ሲል ክዳኑን የሚያነሳው ያ የጀመረው እጅ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። አንዴ ከተጀመረ አይተረተርም። ትቶ ሌላ መጀመርም አይቻልም፤ ሁለት መጀመሪያ ሁለት ሰርግ ይጠራል ይባላል። ይህን ሁሉ ወግ ለልጆቼ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፣ ያውም በኩራት። ምነው ያኔ አፌን በያዝኩ።

ከጾሙ በፊት ኮን ከተማ ያለችው አክስቴ አረፈችና ለቅሶ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት አክርማውን በየእቅፉ አሰርኩ፣ አለላውን በየቀለሙ ለየሁ። ከዚያ ትንሿን ጠርቼ፣ ጫፉን ቋጥረሽ ሁለት ሦስት ዙር ስፊና አስቀምጪው፣ ያውም በቀኝሽ አልኳት። እሺ አለችኝ። እሺ ያለችው ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሳምንት ብዬ የሄድኩት ወር ሆነ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ስመለስ ክዳኑ አድጎ፣ አፉ ሁለት ስንዝር ሰፍቶ ጠበቀኝ። አነሳሁት። ውሃ የማያሳልፍ ጥብቅ ስፌት ነው። ቀዩና ጥቁሩ አለላ ከጫፍ ጀምሮ እኩል እየተከተለ ይወርዳል፣ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። እንዲህ ያለ ነገር የእኔ እጅ አውጥቶ አያውቅም። ደስ ብሎኝ ወስፌዬን አንስቼ ልቀጥል ተቀመጥኩ። አልሄድ አለኝ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ስፌት እየተጠመጠመ ነው የሚያድገው። በቀኙ ለሚሰፋ ሰው አክርማው ወደ ግራ እየሄደ ይዞርለታል፤ በግራው ለሚሰፋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የልጄ ክዳን በልጄ በኩል ዞሯል። አክርማው ወደ ቀኝ ይጠቁማል፣ እኔ ወደ ግራ እጎትታለሁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ገና ወስፌ እንደያዘች ልጅ ሆንኩ።

ያኔ የተናገርኩት ዛሬም ያሳፍረኛል። "በዚህ እጅሽ እህትሽን በሰው ፊት ልታዋርጃት ነው?" አልኳት። ቆንጆ ነው አላልኩም። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ወስፌዋን መደቡ ላይ አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"እንግዲያው አንቺ በቀኝሽ ጨርሺው" ብላኝ ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስፌት አልነካ አለች። ውሃ ትቀዳለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ያዘዝኳትን ሁሉ ታደርጋለች። እኔ ወስፌ ሳነሳ ግን እሷ ደብተሯን አንስታ ወደ ደጅ ነው። እውነቱን ለመናገር መሶቡን ለሰርጉ አለማድረሴ አሳስቦኛል፤ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ይህ ነው። ከልጆቼ ሁሉ ጎኔ ተቀምጣ መስፋት የምትወደው እሷ ነበረች። አሁን ጎኔ ባዶ ነው።

ይቅርታ ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። ግን እናት ነኝ፤ በዚያ ላይ የላስታ ሰው ነኝ። አለት ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ያወጡ ሰዎች አገር ተወልጄ ለመሶብ ክዳን እጅ አልሰጥም አልኩ።

መጀመሪያ በግራ እጄ ሞከርኩ። ወስፌው አንዴ አውራ ጣቴን፣ አንዴ ጭኔን፣ አንዴ ደግሞ አጠገቤ የተኛችውን ድመት ወጋ። ድመቷ ከዚያ በኋላ እኔ ባለሁበት አልተኛችም። ቀጥሎ ሁለተኛዋ ልጄ መላ አመጣች። የስልኳ የፊት ካሜራ ቀኙን ግራ አድርጎ ያሳያልና እሱን እያየሽ ስፊ አለችኝ። ስልኩን በበርበሬ ዕቃ አስደግፋ አቆመችልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ የራሴን ፊት እያየሁ ታገልኩ። ግንባሬ ላይ ስንት መስመር እንዳለ አወቅኩ እንጂ ስፌቱ ፈቀቅ አላለም።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ ተገለጠልኝ። ክዳኑን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ በኩል ብሰፋው ዙሩ ለእኔ ይሆናል። ሞከርኩት፤ ሆነ። ክዳኑ ሾጣጣ ስለሆነ ግን ውስጡን ለማየት ራሴን መክተት ነበረብኝ። አፉን ወደ ራሴ አዙሬ፣ እስከ አንገቴ ገብቼ፣ ውስጥ ለውስጥ መስፋት ያዝኩ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ዙሩን ሳቃና መልኩን አጣሁ። ሲሰፋ ያለቀው የአለላ ጫፍ በሚሰፋው ሰው በኩል አይቀርም፣ ወደ ኋላ ይቀበራል። የእኔ ኋላ ደግሞ አሁን የመሶቡ ፊት ነው። ስለዚህ ጫፉ ሁሉ በውጭ በኩል ብቅ ብቅ አለ። በመቀስ ስቆርጠው ባሰበት፣ አጠረና ቆመ። ከላይ የልጄ ልስልስ ስፌት፣ ከሥሩ የሠላሳ ዓመት ባለሙያ ነኝ የምለው የእኔ ጺም። ባሌ አገላብጦ አየውና ሙሽራውን ይመስላል አለ።

እኔ ግን ቀጠልኩ። ገና ግማሽ ዙር እንደሄድኩ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ራሴን ከትቼ ስሰፋ ከደጅ "ቤቶች" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የንስሐ አባታችን ናቸው። ይግቡ አባ ብዬ ራሴን ላወጣ ስል ክዳኑ አብሮኝ መጣ። ሻሼን ከመሶቡ ጋር ሰፍቼዋለሁ። ያውም በደንብ፤ በዚያ ሰሞን የሰፋሁት ጥብቅ ስፌት እሱ ብቻ ነበር።

ካህን ሲገባ ተቀምጦ መቀበል ነውር ነው። ክዳኑን እንደደፋሁ ተነሳሁ። መስቀል ልሳለም ወደ ድምፃቸው ተራመድኩና ምሰሶውን ተሳለምኩ። ኋላ እንደተነገረኝ አባ መስቀሉን የክዳኑ ጫፍ ላይ አሳርፈው ነው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ያሉኝ።

"ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አሉኝ ቀጥለው።

ነገርኳቸው። ሰው ሳያዩ መናዘዝ እንዴት እንደሚቀል ያን ቀን አወቅኩ። ልጄን ምን እንዳልኳት ነገርኳቸው። ስፌቷ ከእኔ እንደሚበልጥ ነገርኳቸው። ገና ክዳኑን ሳነሳው እንደቀናሁባት፣ እጇን የሰደብኩትም ግራ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ከእኔ እጅ ስለበለጠ እንደሆነ፣ ለራሴ እንኳ ያልነገርኩትን ሁሉ ለአባ ከመሶቡ ውስጥ ነገርኳቸው። ድምፄ እዚያው እየዞረ ለራሴ ተመልሶ ይሰማኛል።

ያላወቅኩት፣ ትንሿ ልጄ መንገድ ላይ አግኝታቸው ጃንጥላቸውን ተቀብላ፣ አብራቸው ገብታ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ንስሐ ምስጢር ነው ይባላል። አባ ምን ያድርጉ፤ ጀመርኩ እንጂ መች አስጀመሩኝ።

"በቀኝም ይሁን በግራ፣ እባክሽ አውጪያት" ሲሉ ሰማሁ።

ማንን እንደሚያናግሩ የገባኝ ቀዝቃዛ ጣት አንገቴ ላይ ሲያርፍ ነው። ወስፌውን ከእጄ ወሰደች። ሻሼን ከስፌቱ እየለየች፣ አንድ በአንድ፣ የመሶቡን አለላ ሳትበጥስ አወጣችኝ። ብርሃኑ ላይ ስወጣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች። አባ ወደ ግድግዳው ዞረው የተሰቀለውን ሥዕል በጥሞና ያያሉ፣ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

"እማ፣ እውነት እበልጥሻለሁ?" አለችኝ።

"በስፌት" አልኳት። "በአፉማ ድሮም ትበልጪኛለሽ።" ከዚያ አጥፍቻለሁ አልኳት። ለልጅ ይህን ማለት ይከብዳል ይሉኛል፤ ክዳን ደፍቶ ምሰሶ ለተሳለመ ሰው ግን ያን ያህል አይከብድም።

በማግስቱ መልሳ ወስፌ ያዘች፤ በግራዋ። ጎኔ አልተቀመጠችም፣ ፊት ለፊቴ እንጂ። ክዳኑን በመካከላችን አድርገን እሷ ከውጭ ትወጋለች፣ እኔ ከውስጥ አለላውን ተቀብዬ አጠብቄ እመልስላታለሁ። በሁለት ሰው እንዲህ ሲሰፋ አይቼ አላውቅም። ጎረቤቶች ሊያዩን እየመጡ መደቡን ሞሉት፤ ሁለተኛዋ ልጄም በስልኳ እየቀረጸች ለማን እንደላከችው እስካሁን አልነገረችኝም። ለሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀረው ክዳኑም እንጀራው የሚያርፍበት ሌማቱም አለቀ። ጺሙ ግን አለ፤ የሙሽራ ስፌት አይተረተርማ።

የሰርጉ ቀን የኩልመስክ ሰዎች ገብተው ዳሱን ሞሉት። የሙሽራው እናት ምንም የማያመልጣቸው ሴት ናቸው። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ የሚለውን ተረት በእኔ ላይ ሲመዝኑ፣ ነጠላዬን ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ። እኔን ያስፈራኝ አንድ ነገር ነበር፤ የክዳኑ መነሳት። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ ካህን ባረከው ማዕድ ላይ፣ ግራ እጅ ሊዘረጋ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለትንሿ፣ ለሰርጉ ቀን ብቻ በቀኝሽ አንሺው ልላት አስቤ፣ አፌ ላይ እየደረሰ ተመልሶልኛል። አላልኳትም፤ ግን ፈርቻለሁ።

መሶቡ ከእንግዶቹ ፊት ቆሟል። ጺሙ በሰው ፊት እንዴት እንደሚታይ ልቃኝ ዓይኔን ጣልኩ። የለም። በዚህ በኩል ብሞክር የልጄ ስፌት፣ በዚያ በኩል ብሞክርም የልጄ ስፌት ነው። ግራ ተጋብቼ ስቆም ትንሿ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ጺሙን ወደ ጓዳ በኩል አዙሬልሻለሁ፣ እማ። ማንም አያይብሽም።"

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የእሷን እጅ ከሰው ዓይን ስደብቅ ኖሬያለሁ። እሷ ደግሞ የእኔን ጉድ ደበቀችልኝ፤ ያውም ሳልለምናት።

አባ ማዕዱን ባረኩና የጀመረችው ትምጣ ተባለ። ወጣች። ግራ እጇን ከኋላዋ ከቀሚሷ ጋር ጨብጣ ቀኟን ዘረጋች። ማንም ሳይነግራት፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩትን ከፊቴ ላይ አንብባ ነው። ክዳኑ ረጅም ነው፤ የቀኟ ጣቶች ጫፉን ቢይዙም ክዳኑ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ።

"በጀመርሽበት እጅ ክፈቺው" አልኳት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ።

አየችኝ። ግራ እጇን ከኋላዋ አመጣች፣ ጫፉን ያዘች፣ አነሳችው። እንደ ላባ ነው የተነሳው። ስታስቀምጠው ግን መሬት ላይ ዞረና ጺሙ ከነሙሉ ክብሩ ወደ እንግዶቹ መጣ። የሙሽራው እናት ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት።

"ይህንንስ ማን ሰፋው?" አሉ።

ትንሿ ልታዞረው እጇን ስትሰድ ያዝኳት፤ ግራ እጇን ነበር የያዝኩት።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ያማረው ሁሉ የዚህ እጅ ነው።"