ምሕረት በገዛ እጇ ስትበላ

የባለቤቴ የኪሮስ መኪና በውቅሮ መንገድ ተገልብጦ እሱም መሞቱን ሊያረዱኝ በመጡበት ጠዋት፣ ልጃችን ምሕረት ቁርሷን በገዛ እጇ እየበላች ነበር። ጩኸቴን ስትሰማ የያዘችው ቁራሽ ከጣቷ ወደቀ።

ልጅ ሳለሁ፣ ሰሜን በነበረው ቤታችን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አባቴ ፋኖስ ለኩሶ፣ የከሰል ምድጃውን ወደ እኛ ስቦ ተረት ይነግረን ነበር። ያኔ የፋኖሱ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ ፍሙም አመድ እየለበሰ ሲሄድ፣ አባቴ የተረቱን ጅብ አህያዋ ደጃፍ ያደርስና ድንገት ዝም ይላል፤ እራቱን ያልጨረሰ ልጅ ካለ ጅቡ ንቅንቅ አይልም።

ይህን ለኪሮስ ያጫወትኩት ለሣቅ ነበር። ምሕረት ግን ከተወለደች ጀምሮ ቀኝ እጇ ጭብጥ ነው፤ መብላትና መልበስ የምታለማምዳት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያም «ዋናው ሥራ ቤት ውስጥ የእናንተ ነው፤ አታጉርሷት» ብላን ነበር። ስለዚህ ኪሮስ ማታ ማታ ትሪው አጠገብ ተቀምጦ የአባቴን ተረት ይጀምራል፤ እጇ ሲቆም እሱም ይቆማል።

«አባዬ፣ ቀጥል እንጂ!»

«ጅቡ አንቺን እየጠበቀ ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

«ሰነፍ!»

«ማን? እኔ ወይስ ጅቡ?»

«ሁለታችሁም!» ትለውና እየተናደደች ትጎርሳለች።

በለቅሶው ሰሞን የሰፈራችን የሓድነት ጎረቤቶች ምግብ ተሸክመው መጡ። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ሳያጎርሱት አይበላም፤ እኔንም እሷንም ያጎርሱን ነበር። «አባቷ የሞተባት ልጅ በራሷ ትብላ እንዴ? ንዒ ጓለይ፣ ነይ፣ አፍሽን ክፈቺ!» በፍቅር የተዘረጋ እጅ እንዴት ይመለሳል? ለቅሶተኛው ሲበተን የልጄ ጣቶች እንደ ድሮው ተጨብጠው ነበር።

ባለሙያዋ «ከእርስዎ ጋር እንደገና እንጀምራለን» አለችኝ። ስንት ማታ ሞከርኩ። እኔ ተረቱን ስጀምር ምሕረት ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች፤ ዝም ስል ቀጥይ አትለኝም። አፏን ከፍታ ትጠብቀኛለች። አጎርሳታለሁ። እኔ የሌለሁ ቀን ማን እንደሚያጎርሳት እያሰብኩ አጎርሳታለሁ።

ከአባቴ የቀረኝ ተረት በኪሮስ አፍ መድኃኒት ሆኖ ነበር፤ በእኔ አፍ ወሬ ነው። ይህን ያነበባችሁ፣ ለነፍሱ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አድርሱልኝ፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ማርያም ነው። እኔ ስጀምረው «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» ላይ ስደርስ አልጨርሰውም።