ነዳጅ ቀጂዋ ሻምበል

የባለቤቴን ታላቅ እህት ሰፈሩ ሁሉ «ሻምበል» ነው የሚላት። የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ነዳጅ ቀጂ ናት። ስሙን ያወጡላት ሾፌሮች ናቸው፤ ማደያው ውስጥ መኪና ስታሰልፍ ያያት ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። «አንተ ሰማያዊ፣ ወደ ኋላ! አንተ ባለባርኔጣ፣ ሞተር አጥፋ፣ ሲጋራህንም ዋጣት!» ትላለች። ደግሞ እኮ ይታዘዟታል! ከማንም ጠብታ አትሰርቅም፤ ቆጣሪው ዜሮ ላይ መሆኑን በጣቷ ካላሳየች መቅዳት አትጀምርም።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ሱቄ ከማደያው አጥር ጋር የተለጠፈች ናት። ንዴቴ አፍንጫዬ ላይ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ጎማው ተንፍሶበት አያውቅም ማለት ነው።

ሻምበል የምትኖረው ከማደያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከእናቷ ጋር ነበር። ክፍሏ የባለማደያው ናት፤ ሥራው እስካለ ክፍሏም አለች። አማቴ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ምላሳቸው ግን የሁላችንንም እግር ተክቶ ይሮጣል። አልጋቸው ከተጠጋበት ግድግዳ ማዶ መሬት ውስጥ የተቀበረው የነዳጅ ታንከር ነው። ሻምበል በዚህ ምድር ላይ የምትፈራው ነገር ቢኖር እሳት ነበር። «አንድ ቂል ክብሪት ቢጭር እኮ እማዬን አዝዬ የምወጣበት ጊዜ አይኖረኝም» ትለኝ ነበር።

በጀቱ በተነበበ ዕለት ሰልፉ ከማደያው ወጥቶ ዋናውን መንገድ ይዟል። ወሬው ቀድሞ ስለ ደረሰ ሾፌር ሁሉ ዋጋው ሳይጨምር ሊቀዳ ግልብጥ ብሎ መጥቷል። ሬዲዮው ያለው እኔ ሱቅ ስለሆነ ተራ ጠባቂው ሁሉ እኔው ላይ ተከምሯል፤ የተነፈሰ የጎማ ካላማዳሪያ የምለጥፍበት ቦታ እንኳ አሳጡኝ። የሚኒስትሩ ድምፅ ለስለስ ያለ ነው፤ ሕፃን የሚያስተኙ ነው የሚመስሉት። «የበጀት ጉድለቱን በተመለከተ» ሲሉ አንዲት ነርስ «ጉድለትን እኔ ላሳያቸው፣ ቤቴ ይምጡ!» አለች። አንድ ጡረተኛ ደግሞ «ዝም በሉ እስቲ፣ ጡረታ ጋ ሊደርሱ ነው» ብለው ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ለጠፉ። ሚኒስትሩ ጡረታን ሳይጠሩ አለፉ። «አባባ፣ ዘለሉዎት እኮ» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ያ የተፈራው መጣ። «የነዳጅ ድጎማ ከነገ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ሕዝባችንም እንደ ሁልጊዜው በትዕግሥት...» የቀረውን አልሰማንም። አንዱ ወጠምሻ ሬዲዮዬን አንስቶ ድንጋይ ላይ ከሰከሰው። የእኔን ሬዲዮ! ሚኒስትሩን ቢያጣ የእኔን ሬዲዮ አገኘ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ አይደል? አንገቱን ያዝኩት፣ እሱም አንገቴን ያዘኝ፤ ገላጋይ ሁሉ የራሱን ጠብ ይዞ ነበርና የሚገላግለን ጠፋ።

እኛ እንዲያ ስንተናነቅ ማሽኑ ጋ ተራው የቀጮ ነበር። ቀጮ ታክሲ ነጂ ነው። መኪናዋ የሰው ናት፤ ሠራም አልሠራም ለባለቤቷ የቀን ኪራይ ይከፍላል። ከሻምበል ጋር ጠዋት ጠዋት ካልተነዳደፉ ቀኑ አይነጋላቸውም። «ሻምበል፣ ዛሬም ማዕረግ አልጨመሩልሽም?» ይላታል። «አንተ መጀመሪያ ሥጋ ጨምር!» ትለዋለች። ያን ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ተሰልፎ፣ ነዳጅ አልቆበት መኪናዋን እየገፋ ነበር ማሽኑ ጋ የደረሰው። ሻምበል ዜሮውን አሳየችው፣ የቱቦውን አፍ ከተተችለት፣ ቆጣሪው መዞር ጀመረ። ወዲያው ቀጥ አለ። ባለማደያው ከቢሮው ሆኖ መብራቱን ቆርጦታል።

በመስታወቱ በር ብቅ አለና «አልቋል በያቸው!» አላት።

«ምኑ ነው ያለቀው ጋሼ? ጠዋት ቦቴው ገልብጦ አይደል የሄደው?»

«በያቸው ነው የምልሽ! ነገ በአዲሱ ዋጋ እንከፍታለን።»

«እሺ፣ ይህን ሰውዬ እንኳ ልጨርስለት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ያቺን ክፍል ትፈልጊያታለሽ አትፈልጊያትም?»

ሻምበል ቱቦውን አውጥታ ማሽኑ ላይ ሰቀለችው። «ይዘጋ ካሉ ይዘጋ፣ ንብረቱ የእርስዎ ነው። አልቋል ግን አልልም። ራስዎ ይበሉት» አለችው።

ራሱ አለው። «ነዳጅ አልቋል! ወደ ቤታችሁ!» ብሎ ጮኸና በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ወይ ድፍረት! ያ ሁሉ ሰልፈኛ ጠዋት ቦቴው ሲገለብጥ ዓይኑ እያየ ነው።

የመጀመሪያው ድንጋይ ከየት እንደ መጣ አላወቅኩም። ሁለተኛውን የወረወረችው ነርሷ ናት። የቢሮው መስታወት ዝርግፍ አለ፤ ባለማደያው ጠረጴዛ ሥር ገባ። የማሽኑን ቱቦ አንዱ ሊነቅል ይጎትታል፣ ሌላው የሚጎትተውን በቡጢ ይለዋል። የማደያው ዘበኛ ዱላውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። አንድ አውቶቡስ ነጂና አንድ ባለባጃጅ ስለ ተራ ተጣልተው ደም በደም ሆኑ፤ የሚቀዳ ነዳጅ በሌለበት ተራ! እኔም ከዚያ ወጠምሻ ገና ከመላቀቄ ሌሎቹ ወደ ሱቄ ጎረፉ።

አሮጌ ጎማ ፈልገው ነው። መንገድ ላይ ሊያቃጥሉ። «ጎማዬን የነካ ወየውለት!» ብዬ በር ላይ ቆምኩ። ወየውለት ያልኩት ለራሴ ኖሯል፤ በክርን አፌን ሲሉኝ ፊት ለፊት የነበረች ጥርሴ ከምላሴ ጋር ተደባለቀች። ወደቅኩ፣ ረገጡኝ፣ ጎማዎቼን በላዬ እያሻገሩ ወሰዱ። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ በጥቁር ጭስ ተሞላ።

ከወደቅኩበት ቀና ስል ቀጮን አየሁት። ያ ተጫዋች ሰው ፊቱ ሌላ ፊት ሆኗል። የሚነድ ጎማ በብረት እየነዳ ወደ ማደያው፣ ቦቴው ወደሚገለብጥበት ቀዳዳ ያንከባልላል። «ለማናችንም ካልሆነ ይቃጠል! ሁሉም ይቃጠል!» እያለ ይጮኻል። ከኋላው የሚያጨበጭብም ነበር፤ እግዜር ይይለት።

ሻምበል አንድ ጊዜ ወደ ጓሮ፣ ወደ እናቷ ክፍል ዞር አለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ጎማውን አየች። አዝላ ለመውጣት ጊዜ እንደሌላት ገብቷታል። ከሱቄ ወለል ላይ የጎማ መፍቻ ብረቴን አንስታ ፊቱ ቆመች።

«ቀጮ! እማዬ ውስጥ ናት! እማዬ እኮ ውስጥ ናት!»

አልሰማትም። ወይም ሰምቶ አልገባውም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል! በላት!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ቀጮ ብረቱን ሰነዘረባት፤ ጎንበስ ብላ አሳለፈችውና በሙሉ ኃይሏ ክንዱ ላይ አሳረፈችበት። አጥንቱ ሲሰበር እኔ ያለሁበት ድረስ ተሰማ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከወንድ ልጅ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም።

ጎማው ግን አልቆመም። መሬቱ ወደ ማደያው ያዘቀዝቃል፤ በራሱ መንከባለሉን ቀጠለ። ሻምበል ብረቱን ጥላ ሮጠች፣ ቀደመችው፣ በባዶ እጇ ገፍታ በጎኑ ጣለችው። የቀለጠው ጎማ መዳፏ ላይ ተለጠፈ። የደንብ ልብሷን አውልቃ በዚያው በተቃጠለ እጇ እሳቱን ትደበድበው ጀመር፤ ልብሱም ተያያዘ። እኔ በአራት እግሬ ድሄ የአሸዋውን ባልዲ ደፋሁበት፣ ሌላም አመጣሁ። በዚህ መሀል አንድ ድንጋይ መጥቶ ግንባሯን ፈነከታት። ሳትጠርገው እሳቱን መርገጧን ቀጠለች። ሲጠፋ ጊዜ እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ቁጭ አለች። ቆዳዋ እየተላጠ ይንጠለጠል ነበር።

ያን ጊዜ ነው ጠቡ የቆመው። የታረቀ የለም፣ ሁሉም እጇን እያየ ነው። ያቺ ነርስ «ምን ነካን? ምን ነካን?» እያለች ውኃ ይዛ መጣች፤ እያለቀሰች መዳፏ ላይ ታፈስላት ጀመር።

አድማ በታኞች የደረሱት ይሄኔ ነው፤ ሁሉ ካለቀ በኋላ። ቆሞ ያገኙትን ጣሉት፣ ወድቆ ያገኙትን ደበደቡት። የነርሷን ውኃ ከነባልዲው በእርግጫ አሉት። ሻምበል ፊቷ ጥላሸት ነው፣ የደንብ ልብሷ ነዶ አልቋል፣ ብረቱ ደግሞ አጠገቧ ወድቋል። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? ጎኗን በዱላ ደገሙት፣ ሠለሱት። «የማደያው ሠራተኛ ናት!» ብዬ ብጮህ ለእኔም ደረሰኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እስኪጠራ ድረስ ግን ጎድን ይሰበራል።

ባለማደያው ኮቱን እያራገፈ ወጣ። አዛዡ ሻምበልን በዱላው ጫፍ እያመለከተ «ይቺ ያንተ ሠራተኛ ናት?» አለው።

አያት። እጇን አየ። ሠራተኛዬ ናት ቢል ቃሏን መስጠቷ ነው፤ ቃሏን ከሰጠች ታንከሩ ሙሉ እንደነበር መናገሯ ነው። እሷ ደግሞ እንደማትዋሽ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሠራተኛው ካልሆነች ግን ከአድመኞቹ አንዷ ናት፤ ማንም አይሰማትም።

«አላውቃትም» አለ።

ዱላው ሁሉ ሲያርፍባት ድምፅ ያላሰማችው ሴት «ጋሼ?» አለች። እኔ በዕድሜዬ ሰው መግደል ያማረኝ ያን ቀን ነው፤ ሁለት ፖሊስ ላዬ ላይ ባይቀመጥ ኖሮ ዛሬ ይህን የማወራው ከወህኒ ቤት ነበር።

ከመሬት ላይ አንድ ድምፅ መጣ። ቀጮ ነው፤ የተሰበረ ክንዱን አቅፎ ተኝቷል። ማንም አላየውም ነበር፤ ዝም ቢል እንደ ማንኛውም ተጎጂ ሐኪም ቤት ይወስዱት ነበር። «እሷን ተዉአት» አለ። «እሳቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እጄን ሰብራ ያጠፋችው እሷ ናት። የዚሁ ማደያ ሠራተኛ ናት፤ ሁልጊዜ የምትቀዳልኝ እሷ ናት።» አዛዡ ሁለቱንም መኪና ላይ አስወረወራቸው።

ውሸት ብቻዋን አትቆምም። የማያውቃት ሰው እናት በእሱ ክፍል ውስጥ ምን ትሠራለች? ስለዚህ ባለማደያው ፀሐይ ሳትጠልቅ አማቴን ከነአልጋቸው አስወጥቶ መንገድ ዳር አስቀመጣቸው። ፖሊሶቹ ለቀውኝ ስደርስ ያን ባለጌ አብጠልጥለው እየሰደቡ ነበር፤ እኔን ሲያዩ ግን ድምፃቸው ሰለለ። «ልጄን የት አደረሳችኋት?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? አዘልኳቸውና ቤቴ ገባሁ። እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር ናቸው፤ አማትና አማች በአንድ ክፍል ማደር ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፣ ሆድ ይፍጀው።

በማግስቱ ማደያው በአዲሱ ዋጋ፣ በአዲስ ቀጂ ተከፈተ። ድንጋይ የወረወረው ሁሉ በሥነ ሥርዓት ተሰልፎ ቀዳ። ያ ሬዲዮዬን የሰበረው ወጠምሻ ሰላም ሊለኝ እጁን ዘረጋልኝ። አፍንጫህን ላስ አልኩት።

ሻምበልን የቀጮ ቃል አስፈታት። ያው ቃል እሱን አስፈረደበት። እሷ ከሐኪም ቤት ስትወጣ ጣቶቿ መታጠፍ እምቢ ብለው ነበር፤ ማንኪያ እንኳ አትይዝም፣ የነዳጅ ቱቦማ አይታሰብም። የመጀመሪያው እሑድ ላይ ባለቤቴን ምግብ አሠርታ «ተነስ፣ ያዝልኝ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ወህኒ ቤት። ቀጮ ጠያቂ የለውም።»

«አበድሽ እንዴ? በቁምሽ ሊያቃጥልሽ ለመጣ ሰው ምሳ?» ብዬ ጮህኩ። አማቴ ከአልጋቸው ሆነው «ያዝላት፣ አንተ ቁጡ!» አሉኝ። ያዝኩላት፤ መንገዱን ሙሉ ግን እየተሳደብኩ ነው የሄድኩት።

በሩ ላይ ጠባቂው የቀጮን ስም ሰማና በጨርቅ የተጠቀለሉትን እጆቿን አየ። «ምንሽ ነው? ባልሽ ነው?» አላት።

«አይደለም።»

«ወንድምሽ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንሽ ነው?»

ሻምበል ትከሻዋን ቀጥ አደረገች። «ደንበኛዬ ነው» አለች። «ነዳጅ ቀጂ ነኝ።»

ይህን ብላ ነው ያለቀሰችው። ያ ሁሉ ዱላና እሳት ያላስለቀሳት ሴት እዚያ በር ላይ ቆማ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። እንባዋን የምትጠርግበት እጅ ስላልነበራት ምግቡን መሬት አስቀምጬ በሸሚዜ ጫፍ እኔ ጠረግኩላት።