ለሽርሽር መጥታ የቀረችው ሴት

ሬይሊን ስቲደም ፍሎሪዳ የመጣችው ለሽርሽር ነበር። ኪሲሚ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ትልቁ መዝናኛ ፓርክ ሳይደረስ፣ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ርካሽ ሞቴሎች አንዱ ደጃፍ ላይ ባሏ መኪናውን ሲያቆም፣ "አንቺ እኮ እዚሁ ቀርተሽ እዚሁ ልታረጂ ነው" ያላት ሰው ቢኖር ኖሮ በሳቅ ፍርስ ትል ነበር።

የኬንታኪ ተራራ ልጅ ናት። እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ በመንደሩ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ለልጆች ምሳ ስታበስል ኖራለች። ባሏ ድዋይት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ጉድጓዱ ሲዘጋ ግን ያገኘውን መሥራት ጀመረ፤ አንድ ሰሞን ጣራ ይጠግናል፣ ሌላ ሰሞን እንጨት ይጭናል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ደጅ ላይ ተቀምጦ ተራራውን ያያል። ልጃቸው ቴሳ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነው። ከክፍል ጓደኞቿ መካከል ፓርኩን ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ እያለች ስትነዘንዝ ከርማ፣ አንድ ቀን ድዋይት ከመሬት ተነስቶ "እሺ፣ እንሄዳለን" አለ።

"በምን ገንዘብ?" አለች ሬይሊን።

"አለኝ አልኩሽ እኮ።"

"ፓርኩ ውስጥ ካለው ሪዞርት ነው የምናድረው?" ቴሳ ዘላ ጭኑ ላይ ወጣች።

"አንቺ ልጅ፣ ሰው የሚተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ነው አይደል? ዓይን ከተጨፈነ ቤተ መንግሥትም በረትም አንድ ነው። ውጭ እናድርና የተረፈውን አይስክሬም እንበላበታለን።"

እናትና ልጅ ሳቁ። ድዋይት ሲቀልድ ከሰሙት ቆይተው ነበርና ሬይሊን ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ሞቴሉ አስቀድመው ካዩት ፎቶ ጋር አይገናኝም። የዋና ገንዳው ውኃ አረንጓዴ ሆኖ ዙሪያው በሰንሰለት ታጥሯል። ክፍሉ የሻገተ ምንጣፍና የቆየ ሲጋራ ይሸታል። የፓርኩ መኪና ማቆሚያ ውድ ነው፤ ወደ ፓርኩ በነጻ የሚወስደው ሚኒባስ ደግሞ ጠዋት አንዴ ይሄዳል፣ ማታ አንዴ ይመለሳል፤ ያመለጠው አመለጠው። ሪዞርቱ ውስጥ ያደሩት ቤተሰቦች ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከርር ክፍላቸው ገብተው፣ ዋኝተው፣ ሸለብ አድርገው ሲመጡ፣ ውጭ ያደረ ግን የሚሄድበት የለውም። እነሬይሊንም በመጀመሪያው ቀን ከሽንት ቤቱ ጀርባ ጥላ ፈልገው፣ ከቤት ያመጡትን የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ እየበሉ መሬት ላይ ተቀመጡ። ቴሳን አባቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ጣላት። ድዋይት ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሬይሊን ደክሞት ነው ብላ ተወችው።

በማግስቱ ዕረፍት ነበር፤ የገዙት ትኬት በመሃል አንድ ቀን ያሳርፋል። ድዋይት በጠዋት ተነሳ።

"የመኪናው ድምፅ አላማረኝም፤ መካኒክ ላሳየው።"

"ቁርስ በልተህ ሂድ እንጂ።"

"እመለሳለሁ፣ ተኚ።"

ቀትር አለፈ፤ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። አመሻሹ ላይ ሬይሊን ሻንጣውን ከፈተች። ሸሚዞቹ የሉም። የኮመዲኖውን መሳቢያ ስትስበው፣ በየሞቴሉ ከሚቀመጠው መጽሐፍ ቅዱስ ሥር ጥቂት ዶላርና ለነገው የቀሩት ሁለት ትኬቶች ተቀምጠዋል። የእሱ ትኬት የለም። ፖሊስ ጋ ደውላ ስትነግር፣ ስልኩን ያነሳው ሰው አዝኖላት "እመቤቴ፣ አዋቂ ሰው በፈቃዱ ቢሄድ ወንጀል አይደለም" አላት።

ያን ጊዜ ያደረገችውን ኋላ ላይ ራሷም ትደነቅበት ነበር። በማግስቱ ጠዋት የቴሳን ፀጉር ጎነጎነች፣ ዳቦውን ቀባች፣ "አባባ ከመካኒኩ ጋር ነው፤ እኛ እንቅደም" ብላ ሚኒባሱ ላይ ወጣች። ቀኑን ሙሉ እንደ ማሽላ እያረረች ሳቀች። በሚወነጨፈው ባቡር ላይ ጮኸች፣ በጀልባው ውኃ ተረጨች፣ አሻንጉሊት መስለው ከለበሱት ሰዎች ጋር ፎቶ ተነሳች። ቴሳም ሳቀች፤ እንዲያውም ከወትሮዋ አብዝታ ሳቀች። ስለ አባቷ ግን አንዴም አልጠየቀችም። ሬይሊን ልጅ ስለሆነች ረሳችው ብላ አምላኳን አመሰገነች።

ማታ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ሕፃናቱ ሁሉ ተኝተዋል። ቴሳ ግን በመስኮት እያየች ነበር።

"እማ።"

"ወይ።"

"አባባ አይመጣም፣ አይደል?"

"ማን ነው እንዲህ ያለሽ?"

"ትናንት ሲወጣ ነቅቼ ነበር። የክረምት ቦት ጫማውን ይዞ ወጣ። ለመካኒክ ቦት ጫማ ምን ያደርግለታል?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዛሬን እንዳላበላሽብሽ ብዬ።"

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። ኬንታኪ ስትደውል፣ የተከራዩት ቤት ኪራይ ሳይከፈል ከርሞ ዕቃቸው ደጅ ተጥሏል። ድዋይት ይህንን ሁሉ እያወቀ ነበር "አለኝ" ያለው፤ የነበረውን ጠራርጎ ለልጁ ፓርኩን አሳይቶ መጥፋቱ ነበር። ወንድሟ ቨርነን "ቤቴ ጠባብ ነው፣ ሚስቴንም ታውቂያታለሽ" አለ። ሬይሊን ሚስቱን ታውቃታለች።

የሞቴሉ ባለቤት ሃርሻድ የሚባል፣ ከሕንድ ከመጣ ዘመን የቆጠረ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ክፍሉን የምትለቅበት ሰዓት ሲደርስ ጠረጴዛው ፊት ቆማ "ሌላ ጥቂት ቀን" ብላ ለመነችው።

"እመቤቴ፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም" አላት።

"አውቃለሁ።"

"ባልዎ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ቁልፉን እንኳ ሳይመልስ ነው የሄደው።" መዝገቡን ዘጋና "አልጋ ማንጠፍ ይችላሉ?" ብሎ ጠየቃት።

"አልጋ ማንጠፍ የማትችል ሴት አለ እንዴ?"

"ሞልቷል።"

እንዲህ ሆኖ ተቀጠረች። ከደመወዟ ላይ የክፍሉ ኪራይ እየተቆረጠ፣ ከእንግድነት ወደ ሠራተኝነት ተዛወረች። ሥራውን ያስለመደቻት ከፖርቶ ሪኮ የመጣች ኢቤሊስ የምትባል ወፍራም፣ ነገረኛ፣ ሆደ ቡቡ ሴት ነበረች። "እናቴ፣ በጉልበትሽ ተንበርከኪ እንጂ ወገብሽን አታጉብጪ። ወገብ እንደ ባል ነው፤ አንዴ ከከዳሽ አይመለስም" ትላታለች። ሬይሊን ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ የሳቀችው በዚህ ነገር ነው።

ሞቴሉ ውስጥ ምግብ ማብሰል ክልክል ስለነበር ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቃ ነበር የምታበስለው። ሃርሻድ በረንዳው ላይ ሲያልፍ አፍንጫውን ያነሳል።

"እዚህ ክፍል ሽንኩርት የሚቁላላ መሰለኝ።"

"የጎረቤት ነው ጌታዬ።"

"ጎረቤቱ ክፍል እኮ ባዶ ነው።"

"እንግዲያው ከመንገዱ ማዶ ይሆናል።"

"ይሆናል" ይልና ያልፋል። አላባረራትም። ደመወዟንም አልጨመረላትም።

ዓመታት ሄዱ። ቴሳን የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ የሚያወርዳት ሞቴሉ በር ላይ ነበር፤ እሷ ግን አንድ ፌርማታ አልፋ ነዳጅ ማደያው ጋ ወርዳ በእግሯ ትመለስ ጀመር። ሬይሊን ምክንያቱ ገብቷት ሆድ ይፍጀው አለች። እንግዶቹ እንደሆነ ያው ናቸው፤ ገንዘብ ለማትረፍ ውጭ ያደሩ፣ ጠዋት ሚኒባስ የሚጠብቁ፣ ማታ ልጅ ተሸክመው የሚመለሱ። ከእነሱ መካከል በማለዳ ብቻውን መኪናው ላይ ዕቃ የሚጭን አባወራ ስታይ ግን ሥራዋን አቁማ ትከታተለዋለች። አንድ ቀን አልቻለችም፤ መጥረጊያዋን ይዛ የአንዱ መኪና ፊት ተገተረች።

"ወዴት ነው?"

"ምን?"

"ወዴት ነው የምትሄደው? ሚስትህ ታውቃለች?"

"በረዶ ልገዛ ነው! አንቺን ምን አገባሽ?"

ሰውየው የመጠጥ ማቀዝቀዣ በረዶውን ገዝቶ ተመለሰ፤ ተመልሶም ለሃርሻድ ከሰሳት። ሃርሻድ ጠርቶ "ዳግመኛ እንግዳ ብታስቆሚ አሰናብትሻለሁ" አላት። ኢቤሊስ ግን ወሬውን ይዛ ሳምንቱን ሙሉ "በረዶ ልገዛ ነው" እያለች አሾፈችባት።

ቴሳ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ቨርነን ደወለ። ድዋይት ኦክላሆማ ውስጥ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ሲሠራ ወድቆ ሞቷል። ሌላ ሚስት ነበረችው። ቀብሩም አልፏል። ሬይሊን ስልኩን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ቴሳ ከትምህርት ቤት ገብታ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ እንደ ድንጋይ ሆነ።

"ለሱ ነው የምታለቅሺው?"

"አባትሽ ነው።"

"የኔ አባት እዚህ ጥሎኝ ነው የሄደው። አንቺ ግን እስከ ዛሬ ስትጠብቂው ኖርሽ። ለዚህ ነው ከዚህ ቤት የማንወጣው!"

"ከዚህ የማንወጣው የምንሄድበት ስለሌለን ነው።"

"ዋሸሽ። ለሽርሽር የመጣ ሰው ሽርሽሩ ሲያልቅ ይሄዳል። አንቺ ግን ሻንጣሽን እንኳ አልፈታሽም።"

እውነቷን ነበር። ሻንጣው አልጋው ሥር፣ ግማሹ ልብስ እንዳለ፣ ክዳኑ ብቻ ተከፍቶ ነበር የተቀመጠው። ከዚያ ቀን ወዲህ በእናትና በልጅ መካከል የሆነ ነገር ቀዘቀዘ። ቴሳ ትምህርቷን እንደጨረሰች ታምፓ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብላ ሄደች። ስትሄድ አቀፈቻት፤ ነገር ግን ቶሎ ለቀቀቻት።

ሃርሻድ አርጅቶ ልጆቹ ሞቴሉን ሸጡት። ገዢው ሊያፈርሰው ነው ተባለ። በየክፍሉ እንደ ሬይሊን ከርመው የቀሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሁሉም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ እንዲለቁ ተነገራቸው። አንዳንዱ መኪናው ውስጥ ማደር ጀመረ። በዚያን ጊዜ የሬይሊን ወገብ ከድቷት ነበር፤ ኢቤሊስ የፈራችው አልቀረም። አልጋ ለማንጠፍ ጎንበስ ካለች፣ ቀና ለማለት ግድግዳ መያዝ አለባት።

የሚለቁበት ቀን ሲቃረብ ቴሳ ሳይታሰብ ከታምፓ መጣች። መኪናዋን ሞተሩን ሳታጠፋ አቁማ ወረደች።

"እማ፣ ነይ፣ ከኔ ጋር ነሽ።"

"ቤትሽ ስንት ክፍል ነው?"

"አንድ። ግን ሶፋው ይዘረጋል።"

"አብሮሽ የሚኖረው ሰውዬስ ምን ይላል?"

ቴሳ ዓይኗን ወደ መኪናው መለሰች። ይኸው ለሬይሊን በቂ ነበር። "ቨርነንም ቤቴ ጠባብ ነው ብሎኝ ነበር፤ ያኔ ተቀይሜዋለሁ። አንቺን መቀየም አልፈልግም" አለቻት።

"እኔ እኮ ነይ ነው ያልኩሽ! አልጠበበኝም!"

"ይጠብሻል፣ ልጄ። ዛሬ ባይጠብሽ ሲከርም ይጠብሻል።"

"ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ። ሰው እጁን ሲዘረጋልሽ እጅሽን ታጥፊበታለሽ!" ቴሳ እንባዋ እየወረደ መኪናው ውስጥ ገባች። ጥቂት ቆየች። ሬይሊንም ቆመች። ከሁለቱ አንዳቸው አንዲት ቃል ቢጨምሩ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። አልጨመሩም። መኪናው አውራ ጎዳናው ላይ ወጥቶ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ።

ሬይሊን ከኢቤሊስ ጋር በዚያው መንገድ ዝቅ ብሎ ያለ ሌላ ሞቴል ገባች። ኪራዩ በየሳምንቱ ነው። ሥራውም ያው ነው፤ አለቃው ግን ወጣት ነው፤ ሽንኩርት ሲሸተው እንዳላወቀ አያልፍም። ከባዱን ፍራሽ ኢቤሊስ ታነሳላታለች፣ እሷ ደግሞ የኢቤሊስን መታጠቢያ ቤቶች ታጥባለች። እንዲህ እየተደጋገፉ፣ አለቃው ሳያውቅባቸው፣ ቀኑን ይገፉታል።

ቴሳ እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ አንዳንዴም ትረሳለች። ባለፈው ደውላ፣ ስለ ዝናብ ስለ ሥራ ስታወራ ቆይታ፣ "እማ፣ አርግዣለሁ" አለቻት።

ሬይሊን የእንግዳ ክፍል ውስጥ ነበረች። እንግዳ አልጋ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ተቀመጠች።

"ደስ ይላል የኔ ልጅ። ጤናሽ እንዴት ነው?"

"ደህና ነኝ።"

"ስትወልጂ እመጣለሁ። ለጥቂት ቀን።"

"እሺ" አለች ቴሳ፣ "ለጥቂት ቀን።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሬይሊን እዚያው ተቀምጣ ቆየች። ኢቤሊስ በበሩ አንገቷን አስገብታ "እናቴ፣ አለቃው እየመጣ ነው" ስትላት ኮመዲኖውን ተደግፋ ተነሳችና አንሶላውን መግፈፍ ጀመረች።