አባቴ የመሰከረብኝ ቀን

አባቴ ውሸት አያውቅም። የቆቦ ሰው ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ነው የተረታሁት።

እናታችን የሞተች ጊዜ ከደሴ አስጠራኝና በዋጃ መንገድ ያለውን ማሳ እኔ እንዳርሰው፣ ከእሱ በኋላም የእኔ እንዲሆን ነገረኝ። ወንድሜ አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማ ነበር። የልብስ ስፌት ሥራዬን ትቼ መጣሁ። የአባት ቃል ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል ብዬ አላሰብኩም። በየክረምቱ ጎርፍ ወደ ማሳው ስጠልፍ፣ ደለል ስዝቅ፣ ከቀጠርኩት አራሽ እኩል ፀሐይ ሲነድብኝ ከረምኩ። ማሳው ደኅና ማሽላ መስጠት ሲጀምር ወንድሜ ብድግ አለና፣ አባ ለጊዜው አርሰሽ ብይ አለሽ እንጂ ማሳ የሚባል አልሰጠሽም አለኝ። ዓይኔን እያየ ነው እንዲህ ያለኝ።

ሽማግሎች ተቀመጡ። እኔ አባቴ አለ ብዬ ልቤን በእሱ ላይ ጥዬ ነበር የሄድኩት።

እሱም ነጭ ጥምጥሙን አሳምሮ መጣ። ሽማግሎቹን በየተራ ሰላም አለ፤ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ደኅንነት ጠየቀ። ዱዓ ሲያደርግ አንዲት ቃል አልሳተም፤ ሁላችንም አሚን አልን። በእኛ አገር እንዲህ ዱዓ የሚያደርግ ሽማግሌ አእምሮው ተነክቷል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔም አልጠረጠርኩም። ከዚያ ማሳውን ለማን እንደሰጠ ጠየቁት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ወላሂ ለማንም አልሰጠሁም። ልጄ፣ ያላልኩትን ለምን አለ ትያለሽ?»

አባቴ ከማለ ምን ክርክር ይኖራል? ከሽማግሎቹ አንዱ አባትሽን ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። ባልዋሸሁት ውሸት አፉ በለኝ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩ። እሱም መረቀኝ።

ማሳውን ለወንድሜ ለቀቅኩ። ከአባቴ ጋር ግን አንድ ቤት ነበርን። ምግቡን አቀርብለታለሁ፣ ከዚያ በላይ ቃል አይወጣኝም። ለወንድ ልጁ አድልቶ ካደኝ እያልኩ ውስጤ ሲቃጠል ከረመ።

አንድ ቀን ከጎብዬ ገበያ ሲመለስ ቆቦ ሳይደርስ ሮቢት ላይ ከመኪና ወርዶ እዚያ ቤታችንን ሲፈልግ ሰዎች አገኙት። ወንድሜ እርጅና ነው፣ አብሽሪ አለኝ። አልተዋጠልኝም፤ ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ደጋግማ ጠየቀችው፣ አስመረመረችው። በመጨረሻ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ሳይሆን አይቀርም፣ ገና ጅማሬው ላይ ነው አለችኝ። የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚቀባበሉበት እጅግ ጠባብ መገናኛ አለ፤ ሲናፕስ ይባላል። በዚህ በሽታ ሴሎቹ ገና በብዛት ሳይሞቱ፣ እየተጠራቀመ የሚሄድ ፕሮቲን መገናኛዎቹን ያዳክማቸዋል፤ ቀስ በቀስም ይጠፋሉ። ስለዚህ የቅርቡ ነገር አይያዝም፣ የጥቂት ዓመት ትዝታም ይደበዝዛል፤ ዕድሜ ልክ የተደጋገመው ሰላምታና ዱዓ ግን ይቆያል። መገናኛዎቹ ሁሉም በአንዴ ስለማይጠፉ አንዳንድ ቀን የረሳው ሊመጣለት እንደሚችልም ነገረችኝ። ታዲያ ዋሽቶብኛል ወይ አልኳት። አልዋሸም፣ ከትዝታው የቀረለትን ነው የተናገረው አለች።

በእርሻዬ ተረዳሁት። ጎርፉን የምጠልፍበት ቦይ አፉ በደለል ሲደፈን ማሳውም አለ፣ ጎርፉም ይመጣል፤ ውኃው ግን አይገባም። ገባኝ እንጂ ንዴቴ አልበረደም። እንዳልቀየመው በሽተኛ ነው፤ በሽታን ደግሞ እንዴት አድርገው ይቀየሙታል? የምጣላው ሰው አጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ማሳውን ልየው አለኝና ይዤው ወረድኩ። ወንድሜ እያረሰ ነበር። አባቴ ዳር ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና ጠራው።

«ይሄ የእህትህ ነው። ስሰጣት አንተም ነበርክ። ለምን ታርስባታለህ?»

እንባዬ መጣ። ወንድሜ ግን አልደነገጠም፤ በሬዎቹን እንኳ አላቆመም። «እሺ አባ» አለ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። አባቴ ይህን ሲነግረው የመጀመሪያው እንዳልሆነ ከድምፁ አወቅኩ።

ሮጬ ሄጄ እርፉን ያዝኩበት። ሰምተሃል፣ አሁኑኑ ሽማግሎቹ ዘንድ እንሂድ አልኩት። ወደ አባቴ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እስኪሰበሰቡ ይረሳዋል» አለኝ።